በእትዬ ጓሮ የበቀለ ቡድን

ቅርጫት ኳስ መጫወት የጀመርኩት በቀሚስ ነው። ያኔ በላሊበላ ሱሪ ለብሳ በመንገድ የምትታይ ሴት ወይ የውጭ አገር ጎብኚ ናት፣ ወይ ለገና ከአዲስ አበባ የመጣች የሰው ዘመድ። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተረፈ ጊዜ ሲኖራቸው፣ ከከተማው በታች ባለችን ቁራሽ መሬት ጤፍና ማሽላ ያርሳሉ። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች። ወደ ኳሱ ያደረሰኝም ይኸው የእናቴ ፈትል ነው። አንድ ቅዳሜ ፈትሉን በነጠላ ጠቅልላ «ይህን ለእትዬ አድርሺ» ብላ ላከችኝ።

እትዬን የማያውቅ አልነበረም። ስማቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚጠራው ግን የለም፤ ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ነበር የሚላቸው። የላስታ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው አስመራ ሄደው ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገራቸው ተመለሱና ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ሆቴል ከፈቱ። አልጋው ጥቂት ነው፤ ምግቡ ግን የተመሰከረለት ነበር።

አስመራ ይሰሩበት የነበረው ሆቴል ፊት ለፊት የኮንክሪት ሜዳ አለ። ሴቶች ልጆች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ባስኬት ይጫወቱበታል። እትዬ ይህን ሁሉ ዘመን ያዩት በወጥ ቤቱ መስኮት ነው። «ድስት እያማሰልሁ እነሱን ሳይ እውል ነበር» ብለው ነግረውናል። «አንድ ቀን እንኳ ኳሱን ነክቸው አላውቅም።»

የራሳቸው ቤት ሲኖራቸው ታዲያ መጀመሪያ ያደረጉት ጓሯቸውን ሜዳ ማድረግ ነው። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማው እንኳን ለኳስ ለአልጋ የሚሆን ደልዳላ መሬት አይገኝበትም። ዳገቱን አስቆፈሩ፣ በታች በኩል ካብ አስካቡ፣ ቀዩን ጠጠር አስደለደሉ። ቀለበቶቹን የበየደላቸው የመኪና ጠጋኝ ነው። ከተማው «እትዬ ለእህል ማስጫ አውድማ እያሰሩ ነው» ሲል፣ እሳቸው በአስመራ ቋንቋ «ካምቦ» ይሉት ነበር። እኛም እሳቸውን ተከትለን ካምቦው እንለው ጀመር።

ያን ቅዳሜ ፈትሉን ይዤ ስገባ ጥቂት ሴቶች ልጆች በኳሱ ላይ ይተራመሳሉ። እትዬ ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፈትሉን ተቀብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስምና የሚያገለግሉበትን ቤተ ክርስቲያን ነገርኳቸው።

«መምሬ እንዲህ ያለች ዘንካታ ልጅ ደብቀው ኖረዋል! እስቲ ያን ኳስ ቀለበቱ ውስጥ ጣይው።»

ወረወርኩት። ኳሱ ከሰሌዳው በላይ አልፎ፣ ካቡን ዘሎ፣ ቁልቁል ተንከባሎ ከታች ካለው ጠላ ቤት በር ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ «ምን መጣብን!» ብለው ሲጮሁ ተሰማ። ሁሉም ሳቀ። እኔ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«ጉልበት አለሽ ማለት ነው» አሉኝ። «ሰኞ ከትምህርት መልስ ነይ።»

ሰኞ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሰልጣኛችን የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ወጣት። ጨዋታውን ያወቀው ኮሌጅ ሳለ በንባብ ነው። እኛን ሲያሰለጥን መጀመሪያ ራሱ ይሞክራል፣ ይስታል፣ ከዚያ «እንደዚህ አይደለም» ይለናል። በዐቢይ ጾም ሩጫውን ትተን ውርወራ ብቻ እንለማመዳለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መሮጥ እንደማይሆን እትዬ አስቀድመው ወስነዋል። ልምምዱ ሲያልቅ ከወጥ ቤቱ ትልቅ ትሪ ይወጣል። ሽሮ በቃሪያ፣ አንዳንዴ ምስር። በዚያ ትሪ ዙሪያ ተጠጋግተን ስንበላ የተባባልነው፣ የሳቅነው፣ እስካሁን የሚናፍቀኝ ከጨዋታው ይልቅ እሱ ነው።

አባቴ ነገሩን የሰሙት ከሰው ነው። አንድ ማታ ከእራት በኋላ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ «ሰው ፊት ትዘያለሽ አሉ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። እናቴ ምሶሶውን ተደግፋ ትሰማለች።

ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ በማግስቱ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው እቤታችን ድረስ መጡ። መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ተቀመጡ።

«መምሬ፣ ልጅዎን ሳላስፈቅድ ማጫወቴ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

«እኔ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አሉ አባቴ። «እንደ ገና ጨዋታ ያለ ነው?»

«ዱላ የለውም እንጂ እንደዚያው ነው። ያንን እርስዎም በጉብዝናዎ ተጫውተውት ይሆናል።»

አባቴ ፈገግ አሉ። በወጣትነታቸው በገና ጨዋታ እግራቸውን ተመትተው ለወራት ማንከሳቸውን እናቴ ነግራኛለች። «እስቲ በዓይኔ ልየው» አሉ።

በሚቀጥለው ልምምድ መጥተው ካቡ ላይ ከእትዬ ጎን ተቀመጡ። እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸው ከኳሱ አልተነቀለም። እቤት ስንመለስ «በቀሚስ ትወድቂያለሽ» አሉኝ። «ከጉልበት በታች የሚወርድ ሱሪ እናትሽ ታሰፋልሽ። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ግን የለም።» እናቴ ለሱሪው የሚሆን ጨርቅ አስቀድማ ገዝታ መደበቋን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዓመቱ ለዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ወልዲያ ወረድን። የጉዞው ደስታ አሁን ሲወራ ያስቃል። በአይሱዙ ላይ ተጭነን፣ ንፋስ ፊታችንን እየገረፈን፣ ከኩልመስክ ጀምሮ እየዘፈንን፣ ድልብ ስንደርስ ድምፃችን ተዘግቶ ነበር። ወልዲያ ገብተን የመዝገብ ክፍሉ ሰው «የቡድኑ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባላቸው ከሞተ ብዙ ዘመን የሆናቸው እትዬ «እኔ ነኝ፤ እኔማ ሌላ ባለቤት የለኝም» አሉት። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ጨዋታው ግን አያስቅም። የወልዲያዎቹ እውነተኛ የስፖርት ጫማ አላቸው፤ እኛ ግማሾቻችን የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረግነው። የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቆመን አናውቅም። ኳሱ እኛ ጠጠር ላይ እንደለመድነው አይነጥርም፤ ፈጥኖ እየዘለለ ከእጃችን ያመልጣል። ተሸነፍን ማለት ይቀላል፤ የሆነው ከዚያ የባሰ ነው። ሰው ሲሰለቸው ለእኛ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እሱ ነው ያስለቀሰን።

ምሳ ቤት ቁጭ ብለን ማናችንም እጃችንን ወደ ምግቡ አልሰደድንም። መምህሩ አንገቱን እንደደፋ ተናገረ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። እኔ ልጆቹን አዋረድኋቸው። ይህን ጨዋታ አላውቀውም።»

እትዬ ጥብሱን ወደሱ ገፋ አደረጉለት።

«መጀመሪያ ብላ። አስመራ የገባሁበት ሆቴል ጌታው በየጊዜው ወጥ ሰሪ ይቀይር ነበር። አንዷ ጨው ስታበዛ ያባርራታል፣ ሌላዋ ስታሳርር ያባርራታል። የዚያን ቤት ወጥ ደግሞ ሰው አይበላውም ነበር። ኋላ ልጁ ቤቱን ሲረከብ እኔን ዝም ብሎ ተወኝ። አሳረርሁ፤ ዝም አለ። ጨው አበዛሁ፤ ዝም አለ። ሙያ የለመድሁት እንደዚያ ነው። አንተንም ዝም ብየ ልተውህ ነው።»

መምህሩ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ እንጀራውን ቆረሰ። እኛም ተከትለነው በላን። በክረምቱ እትዬ ወጪውን ችለው ደሴ ወደሚሰጥ የአሰልጣኞች ትምህርት ላኩት። ሲመለስ ዓይኑን መሬት ላይ መትከሉን ትቶ ነበር።

ከእኛ መካከል ረጅሟ ሙጃ ከሚባለው ደጋ የመጣች ልጅ ነበረች። ከቤተሰቦቿ ርቃ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ ከቤት በሚላክላት የገብስ ቆሎና በሶ ነበር የምትማረው። እጇን ስትዘረጋ ቀለበቱን ትነካለች ብንባባልም አትነካም፤ ግን ከስሩ ቆማ ኳስ የሚቀማት አልነበረም። በጥር ለእረፍት አገሯ ሄደች። ትምህርት ሲከፈት ግን አልተመለሰችም። የአገሯ ልጆች መጥተው «ሊድሯት ነው፤ ጠላው ተጠምቋል» አሉን።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ወጥ ቤት ነበሩ። ሽርጣቸውን ፈቱ። የሄዱት መጀመሪያ ወደ አባቴ ነው።

«መምሬ፣ እኔ ብቻየን ብሄድ ባለ ሆቴል ናት ይሉኛል። አብረውኝ ይምጡ።»

አባቴ ካህን ናቸው፤ ቃል የታሰረበትን ጋብቻ ለማፍረስ መሄድ ቀላል አልሆነላቸውም። ቢሆንም ሄዱ። እስከ ኩልመስክ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ በዚያ ብርድ። ሙጃ ደርሰው የሆነውን ያወቅሁት አባቴ ተመልሰው እሳት ዳር ሲያወሩልን ነው።

የልጅቱ አባት በክብር ተቀብለው፣ አስተናግደው፣ ነገሩን ሲሰሙ ግን «ለኳስ ብላችሁ ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጣችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ለኳስማ ቢሆን ሌላ ረጅም ልጅ ከከተማው አላጣም ነበር» አሉ እትዬ። «ልጅቱ ጎበዝ ናት። ትምህርቷን ትጨርስ። ከእንግዲህ ኪራይ ቤት አታድርም፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስትጨርስ ልዳር ካለች እኔ ራሴ እደግሳለሁ።»

«ሀሳቧን ብትለውጡባትስ?»

«እኔን ይያዙኝ» አሉ አባቴ። «ልጄም እዚያው አብራት አለች። እሷን ከእኔ ልጅ ለይቼ አላይም።»

ሽማግሌዎች ገቡ፣ ወጡ፤ የሙሽራው ወገኖች ተቆጡ፤ መጨረሻ ላይ ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያም እያደር ቀረ። የሙጃዋ ልጅ ከጭነት መኪናው ወርዳ ካምቦው ስትገባ ተንጋግተን ሄደን አቀፍናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ሙቅ ክፍል ኖረች።

ዓመቱ ዓመቱን እየወለደ ሄደ። ስንሸነፍ እትዬ ማንንም አያባርሩም፤ ስናሸንፍም ማንንም አያሞግሱም። ያንኑ ትሪ ያወጣሉ። አንዷ ስታገባ ወይም ከተማ ስትቀይር ሌላ ይፈልጋሉ፤ ገበያ ላይ ቆመው የሴት ልጅ ቁመት ይመዝናሉ። አብረን ብዙ ስለቆየን ዞር ሳንል ማን የት እንደቆመች እናውቅ ነበር። የወልዲያዎቹ በየዓመቱ አዲስ ሰው ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ያንኑ ፊት ይዘን እንሄዳለን።

በመጨረሻ ያሸነፍናቸው በራሳቸው ሜዳ ነው። የትኛው ኳስ እንዴት እንደገባ ብዙው ጠፍቶብኛል። አንዱን ግን አልረሳውም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱ እጄ ገባ፣ ሁለት ሆነው ከበቡኝ፣ የሙጃዋን አላየኋትም። እዚያ መሆን አለባት ብዬ ወደ ቀኝ ወረወርኩት። ነበረች። ኳሱ ሲገባ መምህሩ መጀመሪያ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቆመ።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ሰው ቆሞ ጠበቀን። እልልታው ከዳገት ዳገት ይመላለሳል። አባቴ ከካህናቱ መሐል ሆነው እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አየሁ። እትዬ ከመኪናው ሲወርዱ ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና መምህሩ ደገፋቸው። በደስታ መስሎን ነበር።

በሽታ ኖሯል። ጉልበታቸውና ኩላሊታቸው። ሐኪሙ ደረጃ አይውጡ፣ ወጥ ቤት አይቁሙ አላቸው። በላሊበላ ደረጃ አለመውጣት ማለት ከቤት አለመውጣት ነው። ጥቂት ታገሉና ሆቴሉን ሸጠው፣ የሙጃዋንም ይዘው ከወንድማቸው ቤት አጠገብ ተከራይተው ተቀመጡ።

የገዛው ባለሀብት የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ሀብቱን ያፈራው በከባድ መኪና ንግድ ሌላ ቦታ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ከጓሮው ስንጠብቀው ሳጥን አስይዞ መጣ። ለሁላችንም ጫማ። እውነተኛ የቅርጫት ኳስ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ። ያን ማታ ጫማዬን ትራሴ አጠገብ አስቀምጬ ነው የተኛሁት።

«ቡድኑም ከቤቱ ጋር የኔ ሆኗል» አለን እየሳቀ። «እኔ ደግሞ የኔ የሆነ ነገር ሁለተኛ ሲወጣ አልወድም።»

አጨበጨብንለት። ቱታ መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ፣ ጀርባችን ላይ የሆቴሉ ስም ተጻፈ። ትሪው ግን ቀረ። አዲሱ ወጥ ቤት ለእንግዶች ብቻ ነበር የሚሰራው። ልምምድ ሲያልቅ ሁላችንም በየቤታችን እንበተናለን። ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

ደሴ ላይ በአንድ ጨዋታ ተሸነፍን። ላባችን ሳይደርቅ ባለሀብቱ መምህሩን ጠራው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማነው።

«መምህር፣ አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመጣል።»

«ልጆቹ ገና…»

«ልጆቹንም እናያለን።»

መምህሩ ወጥቶ አንድ በአንድ ጨበጠን።

አዲሱ አሰልጣኝ ከኮምቦልቻ መጣ፤ ተጫዋቾችም አብረውት መጡ። ጥሩ ተጫዋቾች ነበሩ፤ አንዷ በተለይ በአየር ላይ የምትቆም ትመስል ነበር። እኔና የሙጃዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነን አየናቸው። ዋንጫውን አመጡ። ወልዲያን ብቻ አይደለም፣ ከዚያም ርቀው የመጡትን አሸነፉ። ዋንጫው የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። በከተማው መግቢያ ግን የቆመ ሰው አልነበረም። የመጡትን ልጆች ማን ያውቃቸዋል?

በዓመቱ ከሌላ ቦታ የተሻለ ሲጠሯቸው ሄዱ። አሰልጣኙም ሄደ። ባለሀብቱ ሌሎችን አስመጣ፤ እነሱ ተሸነፉ፤ ቀየራቸው፤ ተሸነፉ። ነገሩ እየሰለቸው መጣ። ጎብኚው ደግሞ በዝቶ አልጋ ጠፋ፤ በገናማ ሰው መኪና ውስጥ ያድር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ካምቦው ውስጥ ግንበኞች አየሁ። የቀለበቱን ምሰሶ በገመድ አስረው እየጎተቱ ነው። የሙጃዋ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ምሰሶው ሲወድቅ እጄን ጨበጠችው።

ባለሀብቱ ከበረንዳው ሲያየን ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ እኛስ?»

«እናንተማ ትምህርታችሁን ተማሩ» አላት፣ በእውነት እያዘነላት። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጓሮ እኮ ነው። የሆቴል ጓሮ።»

እውነቱን ነው። የገዛው ጓሮ ነበር።

የቀረነው ተሰብስበን እትዬ ዘንድ ሄድን። መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። ስንነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እትዬ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ የሸጥኋችሁ» አሉ። «ቤቱን ስሸጥ አልጋውን ቆጥሬ፣ ድስቱን ቆጥሬ አስረክቤአለሁ። እናንተን ለማን እንደምተው አንድ ቀን አላሰብሁም። የኔ ናችሁ ብየ ነዋ! የኔ የሆነ ነገር እኔ ስወድቅ አብሮኝ ይወድቃል ብየ አላሰብሁም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ መቼ እንገናኝ ነበር?» አለች የሙጃዋ።

«እሱን ተይው። ሂጂና መምሬን ጥሪልኝ። መምህሩንም።»

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ስር ስብሰባ ተደረገ። የተጫዋቾች ወላጆች መጡ፣ አስጎብኚዎች መጡ፣ ርእሰ መምህሩ መጣ። መምህራችንም ከሁሉ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ በወንድማቸው ልጆች በወንበር ተይዘው መጡ። ንግግር አላበዙም። «እስካሁን የአንድ ሰው ነበር፤ አሁን የሁላችሁ ይሁን» አሉና ለአባቴ ለቀቁላቸው።

ውይይቱ እንደ ፍርድ ቤት ክርክር ረዘመ። አንዱ አባት «ባለሀብት እንፈልግለት» አለ። ሌላው «የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይረከበው» አለ። አንዲት እናት «ሹሙ ሲቀየርስ?» አለቻቸው። ርእሰ መምህሩ ሜዳ አለን፣ ግን ድንጋይ ነው አለ። አባቴ ሁሉንም አዳመጡና ተነሱ።

«ቤተ ክርስቲያናችን የማን ናት?» አሉ። «የማናችንም አይደለችም፤ ለዚህ ነው ሁላችንም የምንጠብቃት። ኳስን ከቤተ ክርስቲያን አላወዳድርም፤ ይቅር ይበለኝ። ግን ይህን ቡድን ከእንግዲህ ማንም እንዳይሸጠው፣ ማንም እንዳይሰጠው እንስማማ። ድንጋዩን ደግሞ ነገ እንለቅማለን።»

ለቀምን። ወላጆች ዶማ ይዘው መጡ፤ እናቴም መጣች። መምህሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባቴ ቡድኑን ለመያዝ የተቋቋመው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡና ለብዙ ዓመት ጥምጥማቸውን ጠምጥመው የቅርጫት ኳስ ስብሰባ መሩ። ደንቡን ሳያውቁ ለጥፋት በተነፋ ፊሽካ ላይ ሲከራከሩ ዳኞች የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸው ነበር።

ዋንጫ ወዲያው አልመጣም። ከመጣም በኋላ በየዓመቱ አልመጣም። ግን ቡድኑ አለ። የሙጃዋ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ የስፖርት መምህርት ሆና ተመለሰች። መምህራችን ወደ አገሩ ሲዛወር ፊሽካውን የተረከበችው እሷ ናት። ባለሀብቱ እንኳ ኋላ ኋላ መኪና ሲያስፈልገን ይሰጠን ነበር፤ ስሙን ጀርባችን ላይ እንድንጽፍ አልጠየቀንም። እትዬ እስከ መጨረሻው በወንበር ተይዘው ይመጡ ነበር። ባረፉ ጊዜ የቀብሩን ወንበርና ድንኳን ያቀረበው ማኅበሩ ነው።

እኔ ጋብቻ ወደ ፍላቂት ወስዶኝ ብዙ ዓመት እዚያ አስተማርኩ። ወደ ላሊበላ ተመልሼ ስመጣ ከማኅበሩ ኮሚቴ አስገቡኝ። ስብሰባችን አያልቅም። መረብ እንግዛ አንግዛ፣ ልምምዱ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ የማን ልጅ ለምን አልተሰለፈችም። ሁሉም ይናገራል፤ ሁሉም ያኮርፋል፤ ሁሉም ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ቡድኑን ያቆየው ይህ መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንዴ ግን ክርክሩ ሲበረታ ከስብሰባው ወጥቼ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የሚመጣውን ብርድ እየሳብኩ ትንሽ እቆማለሁ። አንዲት ሴት ሽርጧን ፈትታ «ሰኞ ነይ» ብትል ሁሉ ነገር የሚሆንበት ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ቀላል ነበር፤ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሊቆይ የማይችልም ነበር። ከውስጥ «እማማ፣ ድምፅ ልንሰጥ ነው» ብለው ሲጠሩኝ ነጠላዬን አስተካክዬ እገባለሁ።